በራሱ ጊዜ የተከፈተ ቅጠል

ለውድ እህቴ ለሃፊዛ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ባሕሩ ሳይበዛበት፣ በረሃው ሳያደክመው ሰላምታዬ ካለሽበት ከጅዳ ድረስ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ይጠቀጥቀኛል ያልሽኝ ተሻለሽ ወይ? ጾሙን በሰላም ፈታሽ? ሙቀቱስ ትንሽ በረድ አለ? አብራሽ የምትሠራው የወራቤዋ ልጅስ ደህና ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አንቺን ከመናፈቅ በቀር ምንም አልጎደለብንም። እናታችንም መስቃን ባለው ቤቷ ደህና ናት፤ ወገቤን ትላለች እንጂ ጓሮዋን ለማንም አታስነካም። ክረምቱ ጥሩ ነበር። በርበሬውም ዘንድሮ ደህና ይዟል ይላሉ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ነገሩን በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ከአፌ የሚወጣው እሺ ብቻ ነው። በሰኔ ወር ፈቲሀን ለኅዳር አዘጋጅልኝ፣ ቪዛዋን እየጨረስኩ ነው ስትዪኝም ሳልውል ሳላድር እሺ ያልኩሽ እኔው ነኝ። ዛሬ ያንን እሺታዬን መልሺልኝ ልልሽ ነው። ለምን ብትዪኝ፣ ምክንያቱ እዚህ ሱቄ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ደግሞ እንቁራሪቶች ናቸው። አትሳቂ። ወይም ሳቂ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የተጀመረው አምና ግንቦት ላይ እናታችን ጓሮ ነው። ለጎረቤት ሰርግ እንሰት ሲነቀል ፈቲሀን ይዤ ሄጄ ነበር። የእንሰት ቅጠል ግንዱን ባቀፈበት በኩል ብብቱ ውስጥ የዝናብ ውኃ እንደሚያቁር ታውቂያለሽ። ልጆች ሆነን እጃችንን እየከተትን የምናወጣቸው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ እንቁራሪቶች ትዝ ይሉሻል? እኔ ይዤ አንገትሽ ውስጥ እጥልብሽ ነበር፤ አንቺ ታላቄ ሆነሽ ሳለ ታለቅሺ ነበር። ልጅሽ ግን አላለቀሰችም። እንሰቱ ወድቆ እንቁራሪቶቹ መሬት ላይ ሲፈሱ፣ ዶሮዎቹም ሲሽቀዳደሙ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ትሰበስባቸው ጀመር። ሌሎቹን ያልተነቀለው እንሰት ላይ መለሰቻቸው። ስድስቱን ክዳኑን በመርፌ በሳስታ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ፣ ከጋሪ ወደ ሚኒባስ እያዛወረች ቡታጅራ ድረስ እቅፏ ላይ አመጣቻቸው። እኔ በማግስቱ ይሞታሉ ብዬ አልከለከልኳትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ብስኩትና ከረሜላ የምደረድርበትን የመስታወት ሳጥን እያየች፣ አጎቴ ይሄ ይሸጣል ወይ አለችኝ። እኔም ነጋዴ አይደለሁ፣ ለሌላ ሰው ይሸጣል ላንቺ ግን በነፃ ብዬ ቀለድኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? በማግስቱ ከሰላት ስመለስ ከረሜላው ካርቶን ውስጥ ገብቷል፣ ሳጥኑ ታጥቧል፣ ልጅሽ ክርኗ ድረስ አፈር ሆናለች። ከታች ጠጠር አነጠፈች፤ ከላዩ የከሰል ስባሪ፤ ከዚያ ከእናታችን እንሰት ሥር በፌስታል ያስመጣችው አፈር። በአንዱ ጥግ ውኃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ቀበረች፤ በሳህኑ ዳር ቅጠሉ ውኃው ላይ እንዲያዘነብል አድርጋ ረዣዥም ሳር ተከለች። በሌላው ጥግ ትንሽዬ የእንሰት ችግኝ። ክዳኑ አሮጌ አጎበር ነው። የቧንቧ ውኃ አይነካቸውም፣ መድኃኒት አለበት ብላ ከጣሪያ የወረደ ዝናብ በጀሪካን ታጠራቅማለች። ከፀጉር አስተካካዩ በለመነችው መርጫም ጠዋትና ማታ ቅጠሉን ታርሳለች። እኔ ይህን ሱቅ ስከፍት እንኳ እንዲህ አልተጠበብኩም።

ባለቤቴ ሳሌሃ መጀመሪያ ላይ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እንቁራሪት ቆዳ ላይ ኪንታሮት ያወጣል ብላ ልጆቹ ወደ ሱቅ እንዳይገቡ ከለከለች። አልበቃ ብሏት የመስጊዳችንን ሼህ አሚኑን ልትጠይቅ ሄደች፤ ይጣሉ ይሉልኛል ብላ መሰለኝ። እሳቸው ግን እንቁራሪት መግደል የተከለከለ ነው፤ እዚያው ታኑራቸው፤ ግን እንዳታስርባቸው፣ እንዳታሰቃያቸው ብለው መለሷት። ሳሌሃ እንደ ተረታች ሴት አንገቷን ደፍታ ገባች። አሁን ግን ማን ነው በየጠዋቱ ቀድሞ የሚቆጥራቸው ብትዪ እሷው ናት።

ውበታቸውን ብነግርሽ አታምኚኝም። ልጆች ሳለን ስንይዛቸው አላየናቸውም፤ እኔ አሁን ነው ያየሁት። ቀን ላይ ቅጠል ላይ ተለጥፈው ሲተኙ አዲስ የወርቅ ጌጥ ይመስላሉ። ከአፍንጫቸው ጫፍ እስከ ጭናቸው ቡናማ መስመር ይወርዳል። ሲዘሉ ደግሞ እግራቸው ውስጥ የተደበቀ ብርቱካንማ ቀለም ብልጭ ይላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወርቁ ይጠቁርና ሌላ ፍጡር ይሆናሉ። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ክብ ክብ ነገር አለ፤ በዚያ ነው መስታወት የሚወጡት። መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ሆዳቸውን ስታዪው ልባቸው ሲመታ ይታይሻል። በረመዳን ወንዶቹ ልክ አዛን ሊል ሲል ጉሮሯቸውን እንደ ፊኛ ነፍተው ይጮሁ ነበር። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ጆንያውን ትቶ ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ይላል። አንድ ከቆሼ ከተማ አካባቢ የመጣ ገበሬ ስድሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ዛሬ ገና ተዋወቅን ብሎኝ ሄደ።

ምግባቸው ዝንብ ነው። ያውም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያለችው፣ የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው። ሰው ከቤቱ ዝንብ ያባርራል፤ ልጅሽ ታረባለች። የሙዝ ልጣጭ በጠርሙስ ከታ አፉን በጨርቅ ታስራለች፤ በአሥረኛው ቀን ጠርሙሱ በዝንብ ይሞላል፤ ያንን ሳጥኑ ውስጥ ትለቃለች። አራት ጠርሙስ አላት፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል። እኔ ሃያ ዓመት ስነግድ ዕቃ ሳያልቅብኝ የቀረበት ክረምት የለም። የእሷ ዝንብ ግን አንድም ቀን አላለቀም።

የባዮሎጂ መምህሯ ያረጋል ይባላሉ፤ የጎጃም ሰው ናቸው፣ እዚህ ሲያስተምሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገሩን ሰምተው አንድ ቅዳሜ መጡ። የመጡት ለአንድ አፍታ ነበር፤ ሳጥኑ ፊት በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጡ ዙሁር ሰላት ደረሰ። ፈቲሀ ደብተሯን አሳየቻቸው። በየቀኑ ምን ያህል ዝንብ እንደ በሉ፣ የትኛው ወንድ መቼ እንደ ጮኸ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ምን እንደሚያደርጉ ሁሉን ጽፋለች። መምህሩ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ አቶ ከድሮ፣ እኔ ይህን ከመጽሐፍ አላስተማርኳትም፤ እኔ ጋ ባለው መጽሐፍ ውስጥም የለም፤ ዓይታ ነው የጻፈችው አሉኝ። እኔም አዎ፣ ዓይኗ የእናቷ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሰኔ መጨረሻ፣ አንቺ ስለ ቪዛው በደወልሽ ሰሞን፣ አንዲቱ ሴት እንቁራሪት ውኃው ላይ ያዘነበለ የሳር ቅጠል ላይ እንቁላሏን ጣለች። ከዚያም ቅጠሉን በእግሮቿ ከግራና ከቀኝ እየሳበች፣ እንቁላሉን መሃል አድርጋ እንደ ፖስታ አጠፈችው፤ በራሷ ሙጫም ለጠፈችው። ሥራዋን ጨርሳ ወርዳ ሄደች። ፈቲሀ በደስታ እጄን ይዛ አሳየችኝ። ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ አይነካም አለችኝ።

ሃፊዛ፣ እኔን ታውቂኛለሽ። የበርበሬ ነጋዴ የጆንያ አፍ አያምንም። ከላይ የደረቀ አሳይተው ከሥር እርጥብ ስለሚያደርጉ እጃችንን እስከ ብብታችን ከትተን ሆዱን ሳንዳብስ ዋጋ አንናገርም። ያ ቅጠል ታጥፎ ተለጥፎ ስድስት ቀን ሲቀመጥ ሆዴን በላኝ። ሰባተኛው ቀን እሷ ትምህርት ቤት ለፈተናዋ ጉዳይ ሄዳ ሳለ፣ በርበሬ ስመዝን በዋልኩበት እጄ ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁት። እንቁላሎቹ እንደ ብርጭቆ ጠርተው፣ በየውስጣቸው ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀስ ነበር። መልሼ ላጥፈው ብል ሙጫው እምቢ አለ። ማታ ላይ እንቁላሎቹ ነጡ። ጠዋት ደርቀው ነበር። እናትየዋንም በዚያው እጄ ዳስሻት ኖሮ፣ በርበሬው አቃጥሏት ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፋ ዋለች።

ፈቲሀ አልጮኸችብኝም። ምነው በጮኸችብኝ እላለሁ። የደረቀውን ቅጠል ቆርጣ አወጣች፣ ደብተሯን ከፈተች፣ ጻፈች። ወደ ጓሮ ስትወጣ ሰርቄ አነበብኩት። ሐምሌ 1 ቀን፤ አጎቴ ቅጠሉን ከፈተው፤ እንቁላሎቹ ነጡ ይላል። ሌላ ነገር የለም። የእኔ ስም እንደ በሽታ ስም ነው የተጻፈው።

በዚያው ሳምንት የጉዞ ወረቀቷን የያዘው ደላላ መጣ። ፎቶዋን አስነስተን ነበር፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅ ሃያ ሁለት ብለን ፓስፖርት እናስወጣላታለን አለኝ። ይሁን አልኩት። ፎቶው ላይ ትልቅ ሰው እንድትመስል ሳሌሃ ሻሽ አስራላት ነበር። ደላላው ፎቶውን እያገላበጠ ምንም አትልም፣ ትደርሳለች ሲለኝ፣ የዚያ ቅጠል ሙጫ አሁንም ጣቴ ላይ ያለ መሰለኝ። ያን ዕለት ግን ፎቶውን ይዞ ሲሄድ አላስቆምኩትም። ፈሪ ነኝ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሐምሌ 19 ሌላዋ ሴት በተራዋ ቅጠል አጠፈች። ፈቲሀ እኔን አጠገቡ ከመድረሴ በፊት እንደ ውዱእ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታስታጥበኛለች። ሁላችንም ጠበቅን። ሳሌሃ ጠበቀች፣ ልጆቹ ጠበቁ፣ የቆሼው ገበሬ እንኳ ለገበያ በመጣ ቁጥር ወጣ ወይ ይለኛል። አንድ ቀን አብረን ተቀምጠን፣ ይቺ እናት ግን ጨካኝ ናት፣ እንቁላሏን ጥላ መሄዷ አልኩኝ፤ ለጨዋታ ያህል ነው። ፈቲሀ ዓይኗን ከቅጠሉ ሳትነቅል፣ አልጣለችም አጎቴ፣ ለጥፋ ነው የሄደችው፤ ለመለጠፍ ስንት እንደ ለፋች አላየህም አለችኝ። እኔ ተነስቼ ወደ ጆንያዎቹ ሄድኩ። ሳሌሃ ምነው ዓይንህ ስትለኝ በርበሬው ነው አልኳት።

እህቴ፣ ይህን የምጽፍልሽ እንድታለቅሺ አይደለም። አባቷ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ እኛ ጋ ትተሽ መሄድሽን ስንት ጊዜ በስልክ ይቅር በሉኝ እንዳልሽ አውቃለሁ። ልጅሽ ግን ይቅር የምትልሽ ነገር የላትም። አልጣለችኝም ነው የምትለው።

ነሐሴ 1 ጠዋት ቅጠሉ በራሱ ተላቀቀ። ማንም አልነካውም። ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አንድ በአንድ ውኃው ውስጥ ጠብ ጠብ አሉ፤ መምህር ያረጋል እጭ ይባላሉ አሉን። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ስሰማ የሰው ወግ ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት መጀመሪያ በጭራው ዋኘ፤ በጳጉሜን የኋላ እግር አወጣ፤ በመስከረም የፊቱን አወጣ። አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲያከብር እኛ እግር እንቆጥር ነበር። በኢድ ዋዜማ የመጀመሪያዋ ጭራዋን እየጎተተች ከሳህኑ ወጥታ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። የሩዝ ፍሬ ታክላለች፤ ግን ወርቋ በሙሉ አላት። ሳሌሃ እልል አለች። ለእንቁራሪት እልል ስትል እኔ ሰማሁ፣ ምስክር ነኝ።

የፈተናዋ ውጤት መጥቷል፤ መሰናዶ ገብታለች። ከዚህ በላይ አላብራራውም፤ መምህሯ በራሳቸው ጊዜ ቤታችን መጥተው ይቺን ልጅ አደራ ብለውኛል። እሷ ግን አልሄድም አላለችም። ሃፊዛ፣ አንጀቴን የበላው ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ዝንብ እንዴት እንደሚረባ ለሳሌሃ ስታስተምራት ሰማኋት። ለትንሹ ልጄ ለራምዚ ደግሞ ስንት ጊዜ ውኃ እንደሚረጭ በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት። ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣለች። ምነው ልጄ ስላት፣ እናቴ ካለች እሄዳለሁ አለችኝ። ቀጥላም ጅዳ ዝናብ ይዘንባል ወይ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ ይገኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። መሰናዶዋን እስክትጨርስ ሁለት ዓመት ተዪልኝ። ያኔም የራሷን ዕድሜ ይዛ ትምረጥ። አንቺ ብቸኝነቱ እንደከበደሽ፣ ልጄ አጠገቤ ትሁን ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቪዛውን ስትለምኚ ማን ፊት እንደቆምሽም እገምታለሁ። ከከበደሽ አንቺ ነይ። ለአረፋ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እናታችንም ዓይንሽን ሳላይ አልሞትም እያለች ነው። ደላላውን ቆይ፣ የእህቴን ቃል ልጠብቅ ብዬዋለሁ። ቃሉ የአንቺ ነው፤ ልጅቷ የአንቺ ናት። አንዴ ግን ቸኩዬ ከፍቻለሁና ሁለተኛ በእኔ እጅ አይሁን።

ሳሌሃ ጉልበትሽን በቅባት እሺው፣ ቀዝቃዛ ወለል ላይ አትቁሚ ብላ ሰላም ትልሻለች። ራምዚ አክስቴ ስትመጣ እኔ ነኝ የማሳያት ብሏል፤ አሥራ ዘጠኝ ትንንሽ እንቁራሪቶች በስማቸው ያውቃል፤ አንዷን ሃፊዛ ብሏታል፣ አትቆጪው። እናታችን ምርቃቷን በጆንያ ልካለች፤ ሼህ አሚኑም በዱዓ አልረሳኋትም ብለዋል። የወራቤዋን ልጅ ሰላም በይልን።

ፈቲሀ ሰላም ያለችሽ በጽሑፍ አይደለም። ምን ልጻፍላት ብላ ብዙ አሰበችና፣ ነሐሴ 1 ቀን የተላቀቀውን ቅጠል ደብተሯ ውስጥ አድርቃ አቆይታው ኖሮ፣ በድሮው እጥፋቱ መልሳ አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው። የተለጠፈበትን ቦታ ታይ፣ እስካሁን ያብረቀርቃል ብላለች። ይህኛውን ሳትፈሪ ክፈቺው፤ ባዶ ነው፤ ሁሉም በጊዜያቸው ወጥተዋል።

ወንድምሽ ከድሮ

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.